መጠራጠር ተምሬያለሁ፤ መፍረድ ግን አቃተኝ

የመንዟ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የታሪክ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። መመረቂያዬ ስለ መንዝ አጽመ ርስት፣ ማለትም ዘር ተቆጥሮ ስለሚወረሰው መሬት ነው። ክፍል ውስጥ በዋናነት የተማርኩት መጠራጠርን ነው። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሊዮታር በ1979 እ.ኤ.አ. ድኅረ ዘመናዊነት ማለት ታላላቅ ትረካዎችን (ታሪክን ሁሉ ጠቅልለው እናስረዳለን የሚሉትን) አለማመን ነው ካለ ወዲህ፣ እኛም ማንኛውንም ትረካ «ማንን ይጠቅማል?» እያልን እናፈርሳለን።

ጥር ላይ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ያለ መንደር ሄድኩ። አንድ አባት ባናቸውን ተከናንበው፣ እሳት ዳር ቁጭ ብለው ዘራቸውን በጣታቸው ቆጠሩልኝ። ሰባተኛው አባት ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን ያዝ አደረጉ። «እዚህ ላይ የወንድሜ ልጆች ሌላ ስም ይጠራሉ። እሱንም ጻፊው» አሉኝ። ከዚያ እስከ ዘጠነኛው ዘለቁ።

ተመልሼ 30 ገጽ ጻፍኩ። የዘር ቆጠራ ለመሬት ይገባኛል ሲባል የተፈበረከ ነው አልኩ። ረቂቄ ተመሰገነ። እኔ ግን ሳነበው አፈርኩ። እሳቸው እርግጠኛ የሆኑበትንና ያልሆኑበትን ለይተው ሰጡኝ። እኔ ሁሉንም ጠቅልዬ ጠረጠርኩት። ወደ ድሮው የነገሥታት ውዳሴ ሳልመለስ፣ «ይህ ሆኗል» ብዬ መጻፍ የምችለው እንዴት ነው? እባካችሁ እርዱኝ።

ብራና፦
እህቴ፣ ጥርጣሬን አትጥዪው፤ ዝርዝር ይኑረው እንጂ። የኢትዮጵያዊው ፈላስፋ የዘርአ ያዕቆብ ነው የሚባለውን የግእዝ መጽሐፍ፣ ሐተታ ዘዘርአ ያዕቆብን አስቢ። ጣሊያናዊው ምሁር ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. ጸሐፊው ጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው አለ። የፍልስፍና ምሁሩ ክላውድ ሳምነር ደግሞ የለም፣ የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብሎ ተከራከረ። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋ። ግን ስም፣ ቦታና ዘመን ያለው ጥርጣሬ ስለሆነ ሰዎች ግእዙን መረመሩ፣ ቅጂዎቹን አስተያዩ። «ሁሉም ጽሑፍ የሥልጣን ነው» ብቻ ቢባል ኖሮ ማን ብራናውን ይገልጥ ነበር? ሳይንስን ሲመረምር የኖረው ብሩኖ ላቱር እንኳ በ2004 እ.ኤ.አ. የትችት መሣሪያችን የአየር ንብረት ለውጥን በሚክዱ ሰዎች እጅ ገባ ብሎ ተጨንቋል።

ተጉለት፦
እኔ ትንሽ ፈራሁ። «እንገንባ» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚገነባው የባለርስቱ ታሪክ ነው። ርስት ያልነበራቸው ሸክላ ሠሪዎችና ቀጥቃጮች በዚያ ዘር ቆጠራ ውስጥ የሉም። እነሱን እንድንፈልግ ያስተማረን ይኸው ጥርጣሬ ነው። አደራ፣ እነሱንም ጠይቂ።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ፣ የተጉለቱ ያሉት ልክ ነው። እኔ ግን ልጅ ሆኜ ያየሁትን ልንገርሽ። የርስት ሙግት ከዛፍ ሥር ሲደረግ አባቴ ይወስደኝ ነበር። በላ ልበልሃ (ባላጋራዎች ፊት ለፊት በቃል የሚሟገቱበት የድሮ ችሎት) ሲባል ምስክሩን የሚያፋጥጡት ማፋጠጥ ዛሬ ክፍል ውስጥ ከምትማሩት አያንስም። ግን ዳኛው «ሁሉም ለጥቅሙ ይናገራል» ብሎ ወደ ቤቱ አይሄድም። ይፈርዳል። ያልተስማማ ይግባኝ ይላል። ሁለት ባላጋራዎች በሁሉም ነገር ተጣልተው በአንድ ወንዝ ወሰንነት ከተስማሙ ዳኛው ያንን አጥብቆ ይይዛል። አንቺም ያዢው።

ሌላም አለ። የገጠር መሬት አዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967 ከወጣ ወዲህ ዘር ቆጥሮ ርስት የሚወስድ የለም። ታዲያ እኚያ አባት ሰባተኛው ላይ የቆሙት ለየትኛው ጥቅም ነው?

የመንዟ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የመጨረሻዋን ጥያቄዎን ሦስቴ አነበብኳት። 30ው ገጽ ውስጥ አንድም ቦታ አላነሳኋትም። ምዕራፉን እንደገና እጽፈዋለሁ። የጸናውን የጸና፣ ያጠራጠረኝን ከነምክንያቱ አስቀምጣለሁ። ተጉለት፣ አደራህን ተቀብያለሁ። የወንድማቸውን ልጆች ግን እስካሁን አላነጋገርኳቸውም። ሰባተኛውን አባት ማን እንደሚሉት ለመስማት ቅዳሜ መሐል ሜዳ እገባለሁ።