ክርክር፦ መላ ቅጡ የጠፋ ተረት ለልጅ ይነበብ ወይስ ይቅር?

ጥያቄው፦ ወንበር የሚያስነጥስበት፣ ዓሣ ዛፍ ላይ የሚወጣበት ታሪክ አለ። ይህን ድምፅ ከፍ አድርጎ ለልጅ ማንበብ ይጠቅማል ወይስ ጊዜ ማባከን ነው?

የአንዲት ልጅ አባት፦ አይነበብ ባይ ነኝ። ልጄ 4 ዓመቷ ነው። ገና ዓሣ የት እንደሚኖር እያስተማርኳት ዛፍ ላይ ላወጣው? ቁም ነገር ያለው ተረት ሞልቶ!

የሕፃናት መምህርት፦ ወንድሜ፣ እስቲ አንብብላትና ፊቷን እይ። መጀመሪያ ቅንድቧ ይሰበሰባል። ከዚያ «ውሸት! ዓሣ እኮ ውሃ ውስጥ ነው!» ብላ ትንከተከታለች። የሚያስቃት እውነቱን ማወቋ ነው። ዓሣን ጭራሽ የማያውቅ ልጅ ምኑ ያስቀዋል?

ታሪክ ወዳድ፦ ይሄ ክርክር የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 የሌኒን ባለቤት የነበረችው ክሩፕስካያ የሩሲያዊውን የልጆች ደራሲ የኮርኔይ ቹኮቭስኪን «አዞ» የተባለ የልጆች ግጥም በሶቪየት ኮሙኒስት ፓርቲ ጋዜጣ በፕራቭዳ ላይ አብጠለጠለችው። ልጆች ስለ እውነተኛው አዞ ኑሮ ምንም አይማሩበትም ነው ነገሩ። ታዋቂው ሩሲያዊ ደራሲ ማክሲም ጎርኪ ለቹኮቭስኪ ጥብቅና ቆመ። ቹኮቭስኪ ራሱም መምህርቷ ያለችውን ነው የተከራከረው፤ ልጅ ዓለምን የሚገለብጠው ትክክለኛውን አቀማመጥ ሲያውቅ ነው። (አዞን ለማጥናት ግጥም የሚገዛ ሰው ግን አለ እንዴ?)

አባትየው፦ ጎርኪም ቢመጣ ጥያቄዬ አልተመለሰም። ሳቋ ይሁን፣ ትርፉስ?

የሕፃናት መምህርት፦ ጆሮዋ! «ድመት፣ ግመት፣ ሽመት» ብለህ አንብብላት። ሁለቱ ትርጉም የላቸውም፤ እሷ ግን የተለወጠው መነሻው ብቻ መሆኑን ትሰማለች። ቀጥላ «ልመት» ትልሃለች። ቃልን ፈታትቶ መስማት ደግሞ ፊደል ስትቆጥር ያግዛታል። ለዚህ ነው ድምፅ ከፍ ብሎ ይነበብ የምንለው።

አያት ነኝ፦ ልጆቼ፣ እኔ ብዙውን አልወደውም። ዝም ብሎ የተዘባረቀ ሁሉ ተረት አይባልም። ወንበሩ ካስነጠሰ ጉንፋን ይያዘው፣ ጠረጴዛውም ይማርህ ይበለው። የራሱ ሕግ ከሌለው ልጁም ይሰለቸዋል። ደግሞ ቀልዱን አታብራሩለት፤ ይሞታል።

አባትየው፦ እሺ እማማ፣ እሞክራለሁ። ግን በሳቅ ፈርሳ እንቅልፍ እምቢ ስትል ማን ያስተኛልኛል?

አያት ነኝ፦ ማታ አንብብ ያለህ ማነው? ከሰዓት አንብብላት።