302 ኪ.ሜ ወይስ 340? 36 ደቂቃ ወይስ 1 ሰዓት ከ5?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በሁለት ትንንሽ ኤርፖርቶች መካከል ያለውን የአየር ርቀት በእጄ እያሰላሁ ነበር። የኬክሮስ ልዩነታቸው 2°30′፣ የኬንትሮሳቸው 1°48′ ነው፤ ሁለቱም 12 ዲግሪ ሰሜን አካባቢ ናቸው። 2.30ን እና 1.48ን በ60 እያባዛሁ፣ ኬንትሮሱን በኮሳይን 12 አርሜ በፓይታጎረስ ስሠራው 302 ኪ.ሜ መጣ። ካርታው ግን 340 ይላል። አውሮፕላኑ ባለ ፕሮፔለሩ ኤቲአር 72 ስለሆነ በሰዓት በ510 ኪ.ሜ ሳካፍለው ደግሞ 36 ደቂቃ ነው፤ የበረራ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው 1 ሰዓት ከ5 ነው። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

መልስ 1፦
ቀመርህ ልክ ነው፤ የተሳሳትከው ነጥቧ ላይ ነው። 30′ ማለት 30 ደቂቃ፣ ማለትም ግማሽ ዲግሪ ነው፤ ስለዚህ 2.5 እንጂ 2.30 አይደለም። 1°48′ም 1.8 ነው። እንደገና ሥራው፦ 2.5 በ60 ሲባዛ 150 ኖቲካል ማይል (አንድ የኬክሮስ ዲግሪ 60 ኖቲካል ማይል ስለሆነ)፤ 1.8 በ60 ከዚያም በ0.978 ሲባዛ 105.6። በፓይታጎረስ 183 ኖቲካል ማይል ይወጣል፤ በ1.852 ስታባዛው 340 ኪ.ሜ ገደማ። ካርታው ትክክል ነው። በኤክሴል የምትሠራ ከሆነ ደግሞ ኮሳይን የሚቀበለው ራዲያን (ሌላ የማዕዘን መለኪያ) ስለሆነ ዲግሪውን አስቀድመህ ቀይረው፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚያ ነው።

መልስ 2፦
ወደ ሰዓቱ ስንመጣ፣ 183ን ለ275 ኖት (በሰዓት 275 ኖቲካል ማይል፣ ያው ያንተ 510 ኪ.ሜ) ስታካፍል 40 ደቂቃ ይሆናል። ይህ ግን አውሮፕላኑ ከመነሻው እስከ መድረሻው በሙሉ ፍጥነቱ ቢበር ነው። ኤቲአር ሲወጣ የፍጥነት መለኪያው የሚያሳየው 170 ኖት አካባቢ ነው። ሲወርድ ደግሞ ለእያንዳንዱ 1,000 ጫማ 3 ኖቲካል ማይል ይያዛል፤ ከ18,000 ጫማ መውረድ የሚጀምረው 54 ኖቲካል ማይል ሲቀረው ነው። ለመውጣት፣ ለመውረድና ለመጠምዘዝ 12 ደቂቃ ያህል ጨምር።

ሰሌዳው ደግሞ የሚቆጥረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰባት ደቂቃ ጀምሮ መድረሻው ላይ ከጎማው ሥር ታኮ እስኪገባ ድረስ ነው። በብዙ ትንንሽ ኤርፖርቶች ከመንደርደሪያው ጎን የሚሄድ መንገድ የለም፤ አውሮፕላኑ በራሱ በመንደርደሪያው ላይ እስከ ጫፍ ሄዶ ዞሮ ነው የሚነሣው። 2,500 ሜትር በ20 ኖት ብቻውን 4 ደቂቃ ይበላል። ሲያርፍም እንዲሁ። ይህን ሁሉ ስትደምር 1 ሰዓት ከ5 አይበዛም።

ጠያቂው፦
ገባኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በጄት ቢሆንስ? የመመለሻው ሰዓትስ ለምን ይለያል?

መልስ 2፦
በጄት በ450 ኖት ወረቀት ላይ 24 ደቂቃ ነው። ነገር ግን በብዙ አገር ከ10,000 ጫማ በታች ፍጥነቱ በ250 ኖት ይገደባል፤ ለዚህ አጭር ርቀት ከፍታውን ጨርሶ ሳይደላደል መውረድ ይጀምራል። ከ40ው ደቂቃ ጋር ሲነጻጸር ካለው የ16 ደቂቃ ትርፍ ጥቂቱ ብቻ ነው የሚተርፍህ።

መልስ 1፦
መመለሻው የሚለየው በነፋስ ነው። ፊት ለፊት 30 ኖት ቢነፍስ 183 ለ245፣ 45 ደቂቃ ነው፤ ከኋላ ሲገፋ ለ305፣ 36 ደቂቃ። በአንደኛው ጉዞ የጠፋው በሌላው ሙሉ በሙሉ አይመለስም፤ ነፋሱ በጠነከረ ቁጥር ልዩነቱ ይሰፋል። የመንደርደሪያውን አቅጣጫም አትርሳ፦ አውሮፕላን ወደ ነፋሱ ዞሮ ስለሚነሣ፣ መድረሻው በስተጀርባው ከሆነ መጀመሪያ ተጠምዝዞ መመለስ አለበት።