ኢነርጂ የሌላት ሶርሰረስ «ባዶ ጣሳ» ናት?

የጦሳ ልጅ፦ ደሴ ፒያሳ ጌም ቤቱ በር ላይ ስለ ዲያብሎ 2 የኮምፒውተር ጌም የተለጠፈውን ወረቀት አያችሁት? «ጀማሪ ሶርሰረስ ይያዝ፤ የነጥቡን ግማሽ ኢነርጂ ላይ ያድርግ። ኢነርጂ የሌላት ሶርሰረስ ባዶ ጣሳ ናት» ይላል። ሶርሰረስ አስማተኛዋ ገጸ ባሕርይ ናት፤ ኢነርጂ ደግሞ ማናዋን፣ ማለትም የአስማት ኃይሏን፣ ያበዛል። ልጆቹን የአክት 2 (የሁለተኛው ምዕራፍ) አለቃ ዱሪኤል ጋ የሚያስቀራቸው ይሄ ምክር ነው! ከሌቭል 2 ጀምሮ በየሌቭሉ 5 ነጥብ ነው፤ ሌቭል 22 ላይ 105 ይሆናል። ግማሹ ኢነርጂ ላይ ከሄደ፣ 25ቱ ደግሞ ለጥሩርና ለጋሻ ስትሬንግዝ ላይ ከገባ፣ ነፍስ ለሚጨምረው ለቫይታሊቲ የሚተርፈው 28 ነው። ሶርሰረስ በ40 ነፍስ ትጀምራለች፣ በየሌቭሉ 1፣ በእያንዳንዱ የቫይታሊቲ ነጥብ 2 ትጨምራለች። ድምሩ 117። ኢነርጂውን ትቶ ቫይታሊቲ ላይ ቢያደርገው 221 ነበር። የዱሪኤል ክፍል ጠባብ ነው፣ መሸሻ የለውም፣ ቅዝቃዜው እግር ያስራል። ማናዋ ሙሉ እንደሆነ ትወድቃለች።

ሰኞ ገበያ፦ ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ነፍስ ብቻ ቆጥረህ ማናውን ለምን ዘለልከው? ማና በራሱ የሚሞላው ከጠቅላላው ተሰልቶ ነው። ቋቱ ትንሽም ሆነ ትልቅ፣ ባዶ ከሆነ በ120 ሴኮንድ ይሞላል። ስለዚህ ቋቱ በሰፋ ቁጥር በየሴኮንዱ የሚገባውም ይበዛል። ጣሳ ያልኩት ለዚህ ነው፤ ሁለቴ ቀድተህ የሚያልቅ ዕቃ ጣሳ ነው።

ቦርከና ማዶ፦ ወንድሜ፣ ጣሳውን ለመሙላት ኢነርጂ ብቻ ነው እንዴ ያለው? ዋርምዝ የሚባለው ችሎታ ላይ 1 የችሎታ ነጥብ (ከኢነርጂው ነጥብ ሌላ ነው) ስታደርግ ማና የሚሞላበት ፍጥነት 30 በመቶ ይጨምራል። ከዚያ ቀዳዳ ባለው ጥሩር ላይ ሩኖች (ፊደል የተቀረጸባቸው ድንጋዮች) አስገብተህ ስቴልዝ የሚባለውን ሥራ፦ ታል፣ ቀጥሎ ኤዝ። ማና መሙላት 15፣ አስማት ፍጥነት 25 በመቶ፤ ሌቭል 17 ላይ ይለበሳል። ልጆች የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ስለሆነ ልብ በሉ፦ ጥሩሩ በትክክል 2 ቀዳዳ ያለው፣ ስሙ በነጭ ወይም በግራጫ የተጻፈ ይሁን። ሰማያዊ ላይ አይሠራም። 3 ቀዳዳ ላይ ካስገባችሁ ወይም ኤዝን ካስቀደማችሁ ሩኖቹ ባከኑ።

ሸርፍ ተራ፦ ኢነርጂን እንዲህ አታጣጥሉት። ኢነርጂ ሺልድ የምትይዝ ሶርሰረስ ጉዳቱን በማናዋ ነው የምትቀበለው። ለእሷ ማና ነፍስ ነው። ቴሌኪኔሲስ የሚባለው ችሎታ ላይ 20 ነጥብ ካለ፣ ለ1 ጉዳት የሚከፈለው ማና ከ2 ወደ 0.75 ይወርዳል። ይሄንን የምታውቅ ልጅ ባዶ ጣሳ አትባልም።

የጦሳ ልጅ፦ ኢነርጂ ሺልድ የሚከፈተው በሌቭል 24 ነው! በ22 ዱሪኤል ፊት ለቆመ ልጅ ምን ያደርግለታል? 20 ነጥብ ቴሌኪኔሲስ ላይ ከጨረሰስ በምን ይገድላል? ወረቀቱ «ጀማሪ» ነው የሚለው።

ሰኞ ገበያ፦ ጀማሪ ማና ሲያልቅበት በዱላ ይማታ ነው የምትለው?

የጦሳ ልጅ፦ ሰማያዊ ፖሽን ይጠጣ። ቀበቶው ለምን ተሠራ? ሁለት ረድፍ ቀይ፣ ሁለት ረድፍ ሰማያዊ።

ሆጤ፦ ሁላችሁም ሶርሰረስ ላይ ሙጭጭ አላችሁ። ጀማሪ ፓላዲንን፣ ማለትም ጋሻ ያዡን ተዋጊ፣ ይያዝ። ችሎታዎቹ ብለስድ ሃመር (አስማታዊው መዶሻ) 20፣ ኮንሰንትሬሽን 20፣ ቪጎር 20፣ ብለስድ ኤም 20፤ አለቀ። ጉዳቱ የማጂክ ነው፣ በመጨረሻው የክብደት ደረጃ በሄል እሱ የማይጎዳው ጠላት በጣም ጥቂት ነው። ሶርሰረስ ግን በብርድ ብቻ ከሄደች ብርድ የማይነካው ሲገጥማት ቆማ ቀረች።

ቦርከና ማዶ፦ ለዚህ እኮ ነው ሁለት ዓይነት አስማት የሚያዘው። የብርዱ ፍሮዝን ኦርብ አንዴ ከተለቀቀ 1 ሴኮንድ ይቆለፋል፤ በዚያች ክፍተት የእሳቱን ፋየርቦል ትወረውራለህ። የአንተ መዶሻ ደግሞ የሚዞር ነው፣ ግድግዳ ያቆመዋል። አክት 2 ያለው የትሎቹ ዋሻ ውስጥ ግባና አሳየኝ! መዶሻው ራሱ በሌቭል 18 ነው የሚመጣው።

ሆጤ፦ እስከ 18 ሆሊ ፋየር የሚባለው ችሎታ ይበቃዋል። ዋሻው አንድ ቦታ ነው፣ ሄል ግን አምስቱም አክት ነው።

ሸርፍ ተራ፦ ነጥቡን ያበላሸ ልጅ እኮ ያስተካክላል። ዴን ኦፍ ኢቭል የሚባለውን የመጀመሪያ ተልዕኮ ከጨረሰ፣ ተልዕኮውን የምትሰጠው አካራ ነጥቡን ሁሉ ትመልስለታለች። በየክብደት ደረጃው አንዴ፣ በድምሩ ሦስት ጊዜ።

ቦርከና ማዶ፦ ያ በ2010 እ.ኤ.አ. በወጣው የጌሙ 1.13 እትም የመጣ ነው። ደሴ በፍላሽ የሚዞረው ኮፒ 1.12 ከሆነ አካራ ምንም አትመልስም፤ የተበላሸች ሶርሰረስ እንደተበላሸች ትቀራለች። ኮምቦልቻ ያለነው ቁጥሩን አይተን ነው የምንጭነው።

ሰኞ ገበያ፦ አሁን ደግሞ የኮምቦልቻ ኮፒ ከደሴ በለጠ?

ቦርከና ማዶ፦ ቁጥሩ መነሻ ገጹ ላይ ተጽፏል፣ ክፈተውና እይ።

ሰኞ ገበያ፦ አየሁት፣ 1.12 ነው። ወረቀቱ ግን አይነሳም። «ግማሽ» የሚለውን ወደ «ሩብ» ልቀይር እችላለሁ፤ ጣሳው ይቆያል።

የጦሳ ልጅ፦ ሩብም ቢሆን 26 ነጥብ ነው፣ 52 ነፍስ ማለት ነው። ለልጆቹ ይህንንም አብረህ ጻፍላቸው።