የአገልግሎት ክፍያ ከከፈልኩ በኋላ ጉርሻ ለብቻው መያዝ አለብኝ?

ባለድግሷ፦

ጤና ይስጥልኝ። ከሦስት ወር በኋላ ለሚደረግ የቤተሰብ ዝግጅት 120 ያህል እንግዶች ስለጠራን፣ ከሁለት የመስተንግዶ ድርጅቶች ፕሮፎርማ ወስጄ እያነጻጸርኩ ነው። የመጀመሪያው ድርጅት ለአንድ ሰው ያቀረበው ዋጋ ከሁለተኛው ዝቅ ያለ ነው፤ ነገር ግን ከወረቀቱ ግርጌ በደቃቅ ፊደል «20 በመቶ የአገልግሎት ክፍያና ታክስ ይታከልበታል» ይላል። የሁለተኛው ዋጋ ከፍ ያለ ቢሆንም ስለ አገልግሎት ክፍያ ምንም አልተጻፈበትም፤ ደውዬ ስጠይቃቸው ታክስ እንደሚጨመር፣ ጉርሻ ግን በደጋሹ ፈቃድ እንደሆነ ነገሩኝ።

ግራ የገባኝ ይህ ነው። 20 በመቶው ለአስተናጋጆቹ የሚደርስ ከሆነ፣ በዕለቱ እንደገና ጉርሻ ብሰጥ ለአንድ ነገር ሁለት ጊዜ መክፈል ይሆንብኛል። የማይደርሳቸው ከሆነ ደግሞ፣ ሲሯሯጡ ያመሹ ሰዎችን ባዶ እጃቸውን መሸኘት ያሳፍረኛል። በበጀቴ ላይ ምን ያህል ልያዝ? ሁለቱን ፕሮፎርማዎችስ በምን መንገድ ላወዳድራቸው?

የሂሳብ ሠራተኛው፦

እህቴ፣ በመጀመሪያ ሁለቱን ወረቀቶች ወደ አንድ ዓይነት ድምር ይመልሷቸው፤ ለአንድ ሰው የተጻፈውን ዋጋ ብቻ ማወዳደር ምንም አይነግርዎትም። ለምሳሌ የመጀመሪያው ድርጅት ዋጋ 100፣ የሁለተኛው 115፣ ታክሱ ደግሞ 15 በመቶ ነው እንበል። የመጀመሪያው 20 በመቶ ሲታከልበት 120 ይሆናል፤ ታክሱ የአገልግሎት ክፍያውንም ጨምሮ ከታሰበ 138 ይደርሳል። ሁለተኛው 115 ላይ ታክሱ ብቻ ሲታከል 132.25 ነው። በፕሮፎርማው ላይ በ15 ርካሽ የነበረው ድርጅት በክፍያው ቀን በ5.75 ተወደደ ማለት ነው።

ነገር ግን ስሌቱ በዚህ አያበቃም። ለሁለተኛው ድርጅት ሠራተኞች ከታክስ በፊት ካለው ዋጋ 10 በመቶ ጉርሻ ቢሰጡ 11.50 ይጨመርና 143.75 ይሆናል። የመጀመሪያው ድርጅት የአገልግሎት ክፍያ በእርግጥ ሠራተኞቹ ዘንድ የሚደርስ ከሆነና ሌላ ጉርሻ ካልሰጡ፣ 138 ላይ ይቆማል፤ ስለዚህ ተመልሶ ርካሽ ሆነ። የማይደርሳቸው ከሆነና ለእነሱም 10 በመቶ ከሰጡ ደግሞ 148 ይሆናል፣ እንደገናም ተወደደ። እንግዲህ የትኛው ድርጅት ይሻላል የሚለውን የሚወስነው የምግቡ ዋጋ ሳይሆን፣ ያ 20 በመቶ በማን ኪስ ይገባል የሚለው መልስ ነው።

መቶኛ ሲያዩ «የምን መቶኛ?» ብለው የመጠየቅ ልማድ ይኑርዎት። አንዳንዱ የአገልግሎት ክፍያውን በምግብና በመጠጥ ላይ ብቻ ያሰላል፤ አንዳንዱ የወንበርና የድንኳን ኪራዩንም፣ የማጓጓዣውንም ጨምሮ በጠቅላላው ላይ ያሰላል። በአንዳንድ ሆቴሎች ዝርዝር ላይ ከዋጋው አጠገብ ሁለት የመደመር ምልክት ተጽፎ ያገኛሉ፤ «ፕላስ ፕላስ» የሚሉት ይኸው ነው፣ አንዱ ለአገልግሎት ክፍያ ሌላው ለታክስ ይታከላል ማለት ነው። እንዲሁም ድርጅቱ «ዝቅተኛ ወጪ» የሚል ወሰን (ደጋሹ ቢያንስ ማውጣት ያለበትን መጠን) ካስቀመጠ፣ የአገልግሎት ክፍያውና ታክሱ ብዙ ጊዜ ያንን ወሰን ለመሙላት እንደማይቆጠሩ ይወቁ። ወሰኑን ሞላሁ ብለው ሲያስቡ ገና ሳይሞላ ሊቀር ይችላል።

የቀድሞ አስተናጋጅ፦

እኔ ለዘጠኝ ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ስለነበርኩ ከወዲያኛው ወገን ያየሁትን ልጨምር። የአገልግሎት ክፍያ የሚባለው ገንዘብ በብዙ ድርጅቶች ዘንድ የሥራ ማስኬጃ ነው፦ የመኪና ነዳጅ፣ የሰሃንና የብርጭቆ እጥበትና ስብራት፣ የቢሮ ወጪ፣ የዕለት ሠራተኞች ክፍያ ሁሉ ከዚያ ይሸፈናል። ይህ በራሱ ነውር አይደለም፣ ወጪው በአንድ በኩል መሸፈን ስላለበት። ነውሩ ስሙ ደጋሹን ማሳሳቱ ነው። ስሙን የማልጠራው ድርጅት ውስጥ ስሠራ፣ አንድ አባት እኩለ ሌሊት ላይ ሁላችንንም በፈገግታ ጨብጠው «የእናንተን አስቀድሜ ከሂሳቡ ጋር ከፍያለሁ» ብለው አመሰገኑን። እኛ ግን ከዕለት አበላችን በስተቀር አንድም ሳንቲም አልደረሰንም። ሰውየውን ማን ይወቅሳቸው? ወረቀቱ ላይ «አገልግሎት» የሚል ቃል አይተዋል፣ አገልጋዮቹም እኛ ነበርን።

ስለዚህ ሥራ አስኪያጁን ብቻ ሳይሆን፣ ቢቻል በዕለቱ ሠራተኞቹን የሚመራውን ካፒቴን ጭምር «ከዚህ ክፍያ ለሠራተኛው የሚደርስ አለ ወይ?» ብለው ይጠይቁት። መልሱ «የለም» ከሆነ፣ ጉርሻውን ከአሁኑ በበጀትዎ ላይ ራሱን የቻለ መስመር አድርገው ይያዙት፤ በዕለቱ ከተረፈ እሰጣለሁ የሚባል ገንዘብ አይተርፍም። ጉርሻውን ከታክስና ከአገልግሎት ክፍያ በፊት ባለው የምግብና የመጠጥ ዋጋ ላይ ማስላት ይበቃል፤ በጠቅላላው ድምር ላይ ካሰሉት ለታክሱም ጉርሻ እየሰጡ ነው። ወይም መቶኛውን ትተው በሰው ቁጥር ያስቡት፦ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ይህን ያህል ብለው ወስነው በሠራተኞቹ ብዛት ያባዙት። እኔ በበኩሌ ይህን ሁለተኛውን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ውድ ምግብ ያቀረበና ርካሽ ምግብ ያቀረበ አስተናጋጅ የሚደክመው እኩል ነው።

ሌላው የሚዘነጋው ከመጋረጃ በስተጀርባ ያለው ሰው ነው። ጠዋት ጠረጴዛ ተሸክመው፣ ድንኳን ተክለው የሚሄዱት ልጆች ማታ ጉርሻ ሲታደል አይገኙም። ወጥ ቤት ያሉትና ዕቃ አጣቢዎቹም እንግዳ ፊት ስለማይወጡ አይታዩም። የእነሱን በተለየ ፖስታ ያዘጋጁ። ለካፒቴኑ በጅምላ የሚሰጡ ከሆነ፣ ሠራተኞቹ ባሉበት ይስጡት፣ በፖስታው ላይም ለስንት ሰው እንደሆነ ይጻፉ። አለማመን ሆኖ አይደለም፤ ካፒቴኑንም ከሐሜት ያድነዋል። ደግሞ ፖስታዎቹን ለቤተሰብ አንድ የታመነ ሰው አስቀድመው ያስረክቡ፣ በዚያ ሰዓት እርስዎ ፎቶ ላይ ይሆናሉ።

ውል አንባቢ፦

ከላይ የተሰጡት ምክሮች ጥሩ ናቸው፤ እኔ ስለ ቃላቱ ሕጋዊ ትርጉም ጥቂት ልበል። የአገልግሎት ክፍያና ጉርሻ አንድ አለመሆናቸው የወግ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ የፌዴራል ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ውሳኔ፣ አንድ ክፍያ ጉርሻ መሆኑን ለመለየት አራት ነገሮች እንደሚታዩ ገልጿል፦ ከፋዩ ሳይገደድ የሰጠው መሆኑ፣ መጠኑን ራሱ የወሰነ መሆኑ፣ ክፍያው የድርድር ውጤት ወይም አሠሪው ያወጣው ደንብ አለመሆኑ፣ እና በአጠቃላይ ማን ይቀበለው የሚለውን ከፋዩ መወሰን መቻሉ። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ክፍያው ጉርሻ ላይሆን ይችላል የሚል ጥርጣሬ ይነሣል። በፕሮፎርማ ላይ ቀድሞ የታተመ 20 በመቶ በዚህ ሚዛን ሲታይ የድርጅቱ ገቢ እንጂ ጉርሻ አይደለም፤ ለሠራተኛው ቢከፋፈል እንኳ እንደ ደመወዝ ነው የሚቆጠረው።

በአንጻሩ በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድና በዌልስ ከጥቅምት 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የጉርሻ ክፍፍል ሕግ፣ አሠሪው የሚቆጣጠረውን ጉርሻም ሆነ የአገልግሎት ክፍያ ከግብርና በሕግ ከሚፈቀድ ተቀናሽ በስተቀር ሳይቆርጥ ለሠራተኞቹ በአግባቡ እንዲያከፋፍል ያስገድዳል። ያው ስም በአንዱ አገር የድርጅቱ፣ በሌላው አገር የሠራተኛው ነው። ስለዚህ ከስሙ ተነሥቶ መደምደም አይቻልም፤ ውሉ ላይ ማስጻፍ ነው ያለው።

ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ይህን የመሰለ ዐረፍተ ነገር እንዲገባልዎ ይጠይቁ፦ «የአገልግሎት ክፍያው የሚሰላው በምግብና በመጠጥ ዋጋ ላይ ብቻ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ይህን ያህል በመቶ በዕለቱ ለሚሠሩ ሠራተኞች ይከፈላል።» መቶኛው ዜሮ ቢሆንም ይጻፍ፤ ዜሮ መሆኑን ማወቅም ዕውቀት ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሚቆጠር፣ የእንግዶች ቁጥር የመጨረሻው ማረጋገጫ መቼ እንደሚሰጥና ከተረጋገጠው ቁጥር ያነሰ ሰው ቢመጣ ምን እንደሚደረግም በዚያው ይካተት። በተለምዶ የሚከፈለው በተረጋገጠው ቁጥር ልክ ስለሆነ፣ ላልመጡ እንግዶችም የአገልግሎት ክፍያና ታክስ ጭምር ይከፍላሉ።

ባለድግሷ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ የመጀመሪያውን ድርጅት በጽሑፍ ጠይቄ ነበር፤ ክፍያው ለትራንስፖርትና ለዕቃ እንደሚውል፣ ከዚያ ለአስተናጋጆች የሚደርስ እንደሌለ፣ ሲሰላም ኪራዩን እንደሚጨምር መለሱልኝ። በሂሳብ ሠራተኛው መንገድ ከጉርሻው ጋር ሳሰላው ዋጋው ከሁለተኛው በልጦ ተገኘ። ወደ ሁለተኛው ድርጅት አዘንብያለሁ፤ ለ14 አስተናጋጆች፣ ለወጥ ቤትና ለዕቃ ተሸካሚዎች የሚሆን ጉርሻም ለብቻው ይዣለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፦ የድርጅቱ ባለቤት እሷው ራሷ ቆማ የምታስተናግድ ከሆነስ፣ ለእሷም ጉርሻ ይሰጣል?

የቀድሞ አስተናጋጅ፦

ለባለቤት ግድ አይደለም፣ ትርፏ በዋጋው ውስጥ አለ። ሥራዋ ካስደሰተዎት ሌላ ደጋሽ ይላኩላት፤ ፖስታውን ለልጆቹ ይተዉት።