የ«አንኖውን ፕሌዠርስ» ሪማስተር፦ ድምፁ ተሻለ ወይስ ተበላሸ?

ዝምታ_79

ሰላም ለሁላችሁ። የእንግሊዙን ሮክ ባንድ ጆይ ዲቪዥንን የምትወዱ ሰዎች እስቲ አንድ ነገር ንገሩኝ። የመጀመሪያ አልበማቸውን «አንኖውን ፕሌዠርስ»ን ላለፉት አስራ ምናምን ዓመታት የሰማሁት በ80ዎቹ ከታተመው አሮጌ ሲዲ ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ባለፈው ሳምንት የ2007ቱን ሪማስተር አገኘሁ፤ ያ ሁለት ሲዲ ያለውን። ማታ የቤት ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ መብራት አጥፍቼ፣ ሄድፎን አድርጌ ከፈትኩት።

መጀመሪያ በጣም ደስ አለኝ። የፒተር ሁክ ቤዝ ፊት ለፊቴ መጣ። ድራሙ ደረት ይመታል። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ስደርስ ግን የሆነ ነገር ጎደለብኝ፤ ምን እንደሆነ እስኪገባኝ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ መለስኩት። የጎደለው ባዶው ነው። በአሮጌው ሲዲ ድራሙ አንዴ ይመታና ከዚያ ማንም የሌለበት ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ብቻህን የቆምክ ያህል ይሰማሃል። የዘፋኙ የኢያን ከርቲስ ድምፅም ከዚያ አዳራሽ ጥግ ነው የሚመጣው። በአዲሱ ላይ ሁሉም ተጠጋግተው ቆመዋል። ክፍሉ ሞልቷል። አልበሙ 40 ደቂቃ እንኳን አይሞላም፣ እሱም ሳያልቅ ጆሮዬ ደከመ። በዚህ አልበም እንዲህ ሆኜ አላውቅም።

ሚክሱን፣ ማለትም የመሣሪያዎቹን ቅልቅል፣ እንደ አዲስ ሠርተውት ነው? ወይስ ጆሮዬ አሮጌውን ለምዶ ነው የሚያስቸግረኝ? ሁለቱንም የሰማ ሰው የተሰማውን በእውነት ይንገረኝ።

ሸክላ_ሰሚ

ወንድሜ፣ ጆሮህ ደህና ነው። ሚክሱን ግን አልነኩትም።

ሪማስተር ማለት ሚክስ ተደርጎ ያለቀውን ባለ ሁለት ቻናል ቴፕ ወስዶ እንደገና ማስተካከል ነው። ወጡ ከበሰለ በኋላ ጨው ትጨምራለህ፣ ታሞቀዋለህ፤ ሽንኩርቱን ለብቻው ልታወጣው ግን አትችልም። ቤዙን ብቻ ከፍ ላድርግ ብትል በዚያው ክልል ያለውን ሁሉ፣ የእግር ድራሙንም ጭምር ይዘህ ነው የምትነሳው። ቤዙም ድራሙም አንድ ላይ ፊትህ የመጡት በዚህ ነው።

የጆሮህ ድካም ከሌላ ነው። ሲዲ ጣሪያ አለው፣ ከዜሮ ዲሲበል በላይ አይሄድም። አልበሙ ጮክ ብሎ እንዲሰማ የፈለገ ሰው ከፍ ከፍ ያሉትን ምቶች ጨፍልቆ የቀረውን ሁሉ ወደ ጣሪያው መግፋት አለበት። ከ90ዎቹ ጀምሮ ኩባንያዎቹ በዚህ ሲፎካከሩ ነበር፣ 2007 ደግሞ ፉክክሩ የጦፈበት ጊዜ ነው። ለሌላ ባንድ ምንም ላይሆን ይችላል። ይህ አልበም ግን ይጎዳል፣ ምክንያቱም ፕሮዲዩሰሩ ማርቲን ሃኔት የሠራው በባዶ ቦታ ነው።

ቀረጻው ሚያዝያ 1979 ማንችስተር አጠገብ ባለችው ስቶክፖርት ውስጥ፣ ስትሮቤሪ ስቱዲዮ ነው የተደረገው። ሃኔት የአንዱ ድራም ድምፅ ወደ ሌላው ማይክ እንዳይገባ ብሎ ድራመሩን ስቴፈን ሞሪስን እያንዳንዱን ለየብቻው እንዲመታ አደረገው። ከዚያ ኤኤምኤስ በሚባለው፣ ያኔ አዲስ በነበረው ዲጂታል ዲሌይ (ድምፅን አዘግይቶ የሚደግም ማሽን) አሳልፎ ለእያንዳንዱ ምት የራሱን ክፍል ሠራለት። አንተ አዳራሽ ያልከው እንግዲህ በእውኑ የለም፤ ሰውየው በማሽን የሠራው ነው። አሁን አስበው። ከምቱ ቀጥሎ የሚመጣው ጭራ ከምቱ በጣም ማነስ አለበት፤ ርቀት የሚሰማህ በዚያ ልዩነት ነው። ምቱን ስትጨፈልቀው ጭራው ከፍ ይላል። ጭራው ከፍ ሲል ግድግዳው ወደ አንተ ይቀርባል። ሁሉም ተጠጋግተው የቆሙብህ ለዚህ ነው።

እኔ አሮጌውን አልለቅም።

ቤዝ_ብቻ

እኔ አልስማማም፣ ምክንያቴን ልናገር። ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። በአሮጌው ሲዲ ቤዙ አለ፣ ዜማው ይሰማል፣ ጣት ግን አይሰማም። ሁክ ቤዙን ከላይ፣ በቀጭኖቹ ክሮች በኩል ነው የሚጫወተው። እሱ ራሱ እንደሚያወራው መጀመሪያ ላይ የነበረው ስፒከር ደካማ ስለነበር ከበርናርድ ሰምነር ጊታር በላይ ራሱን መስማት የሚችለው ወደ ላይ ሲወጣ ብቻ ነበር። የባንዱ ዜማ ከዚያ ነው የተወለደው! ጊታሩ ሳይሆን ቤዙ ነው የሚዘፍነው። በ2007ቱ ላይ መግረፊያው ክሩን ሲነካ ይሰማኛል፣ ኖታው የት እንደሚያልቅ ይሰማኛል። የመጀመሪያውን ዘፈን መስመር ከአሮጌው ሲዲ ልለቅም ለወራት ታግያለሁ፤ ከሪማስተሩ በሁለት ምሽት ወጣልኝ።

ደግሞ አንድ ነገር አትርሱ። በ80ዎቹ የታተሙ ብዙ ሲዲዎች ለሸክላ መቁረጫ ተብሎ ከተዘጋጀ ቅጂ የተወሰዱ ነበሩ፣ ከመጀመሪያው ቴፕ አይደለም። ያ ቅዝቃዜ ሁሉ የሃኔት ነው ብላችሁ እርግጠኛ ናችሁ? ምናልባት ከፊሉ የደከመ ቅጂ ይሆናል። እኔ ሰዎቹ ስቱዲዮ ውስጥ የተጫወቱትን መስማት ነው የምፈልገው።

ዝምታ_79

@ቤዝ_ብቻ እውነትሽን ነው፣ ስለ ቅጂው አላሰብኩም ነበር። @ሸክላ_ሰሚ ሸክላውስ? የ2015ቱ 180 ግራም (ወፍራሙ ሸክላ) ይሻላል የሚሉ አሉ።

ሸክላ_ሰሚ

አለኝ። ደስ ይላል፣ ከ2007ቱ ሲዲ ይልቅ ይተነፍሳል። አልበሙ አጭር ስለሆነ በአንድ ፊት 20 ደቂቃ አካባቢ ነው የሚይዘው፣ ለሸክላ ምቹ ነው። ችግሩ መጨረሻው ላይ ነው። መርፌው ወደ መሃል ሲጠጋ በአንድ ዙር የሚያልፈው መስመር ያጥራል፣ ቀጫጭኑ ድምፅ ይደበዝዛል። የአልበሙ መዝጊያ፣ ያ ብርጭቆ የሚሰበርበት ዘፈን፣ የተቀመጠው ደግሞ እዚያው ላይ ነው። ብርጭቆው እንደ ሲዲው ስል ሆኖ አይሰማም። ለእኔ ከሁሉም የሚከብደኝ ቦታ እሱ ስለሆነ ያሳዝነኛል።

ጆሮ_ለጆሮ

ከመከራከራችሁ በፊት ድምፃቸውን እኩል አድርጋችሁ ነው የሰማችሁት? ይህን ሳያደርጉ ማወዳደር አይቻልም። የሰው ጆሮ ትንሽ ጮክ ያለውን ብዙ ጊዜ «የተሻለ» ይለዋል። ዝምታ፣ መጀመሪያ ደስ ያለህ በዚህ ሊሆን ይችላል፤ በኋላ የደከመህም በዚሁ።

እኔ ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ሁለቱንም ሲዲ ወደ ኮምፒውተር ገለበጥኩ። በነፃ የሚገኙ የሎውድነስ (የድምፅ ጩኸት) መለኪያዎች አሉ፣ የእያንዳንዱን ዘፈን አማካይ ለካሁና ጮክ ያለውን ዝቅ አድርጌ እኩል አደረግኳቸው። የትኛው የትኛው እንደሆነ እንዳላውቅ እህቴ ፋይሎቹን ሀ እና ለ ብላ ሰየመችልኝ። ከዚያ ሙሉ ዘፈን ሳይሆን የተወሰኑ ቦታዎችን ደጋግሜ ሰማሁ። የመጀመሪያው ቦታ ሞሪስ የስፕሬይ ቆርቆሮ እንደ ድራም የተጠቀመበት፣ «ትሽ» የሚለው ነው። ቀጭን ድምፅ ተጋኖ እንደሆነ እዚያ ጋ ወዲያው ይታወቃል። ሁለተኛው አሮጌው የአሳንሰር ድምፅ የገባበት መግቢያ ነው፣ ዝግ ያለው ድምፅ ምን ያህል ከፍ እንዳለ እሱ ይነግርሃል። ሦስተኛው ብርጭቆው።

የወጣው ውጤት ማንንም ሙሉ በሙሉ አያስደስትም። «ትሽ»ው በአሮጌው ለስለስ ያለ ነው፣ በ2007ቱ ትንሽ ጆሮ ይወጋል። አሳንሰሩ በአሮጌው ከሩቅ ይመጣል፣ በአዲሱ አጠገብህ ነው። ቤዙን ግን ሳላውቅ በየጊዜው 2007ቱን ነው የመረጥኩት። ቤዝ_ብቻ ያለችው ልክ ነው፣ ድምፁ እኩል ሆኖም ጣቱ የበለጠ ይሰማል። ብርጭቆው ላይ ደግሞ ያለ ጥርጥር አሮጌው! ከዝምታ ውስጥ ነው የሚወድቀው፣ ያስደነግጣል።

በስልክ የምትሰሙም ተጠንቀቁ። ስፖቲፋይ ካላጠፋችሁት በቀር የዘፈኖቹን ጩኸት ወደ -14 LUFS (የሎውድነስ መለኪያ) ያስተካክላል። እዚያ የተጨፈለቀው ማስተር ጩኸቱ ይወሰድበትና መጨፍለቁ ብቻ ይቀራል።

የዝናብ_ከተማ

ለትምህርት ማንችስተር ነበርኩ፣ አንድ ቅዳሜ በባቡር ስቶክፖርት ሄጄ ስቱዲዮው የነበረበትን ሕንፃ አይቻለሁ። ዋተርሉ ሮድ ላይ ነው፣ ግድግዳው ላይ መታሰቢያ ሰሌዳ አለው። ዝናብ ነበር። ያን ቀን አልበሙን በእግሬ እየሄድኩ ስሰማ ስለ ድምፁ ያለኝ ሐሳብ ሁሉ ተቀየረ። ግን ላወራ የፈለግኩት እሱን አይደለም።

ሁላችሁም የምትከራከሩት ለሃኔት ድምፅ ማን ታማኝ ነው በሚለው ነው። ሁክ እና ሰምነር ራሳቸው አልበሙን መጀመሪያ ሲሰሙት አልወደዱትም። መድረክ ላይ ጮክ ያሉ፣ የተቆጡ፣ ሰው ፊት ላይ የሚጫወቱ ባንድ ነበሩ፤ ሃኔት አርቆ፣ አቀዝቅዞ ሠራቸው። ሁክ በኋላ ዓመታት ሰውየው ልክ እንደነበር ተናግሯል። እኔም ልክ ነበር ባይ ነኝ፣ ያ ርቀት ባይኖር ይህን አልበም ዛሬ አናወራበትም። ግን ያኔ ባንዱን ብትጠይቋቸው የ2007ቱን ሊመርጡ ይችሉ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ዝምታ፣ ሁለተኛውን ሲዲ ሰምተኸዋል? ማንም አላነሳውም፣ ገርሞኛል። አልበሙ በወጣ በወሩ፣ በፈረንጅ ሐምሌ 13 ቀን 1979፣ ማንችስተር ውስጥ ፋክተሪ ክለብ የተጫወቱት ኮንሰርት ነው። ቀረጻው ሻካራ ነው፣ ማንም ንጹሕ ነው አይልህም። እነዚያው ዘፈኖች ናቸው፣ አዳራሹን የሠራላቸው ሰው ግን የለም። መጀመሪያ እሱን ስማ፣ ከዚያ ወደ አሮጌው ሲዲ ተመለስ። ሃኔት ምን እንደጨመረ እና ምን እንደወሰደ ያኔ ይገባሃል። ከርቲስ ከዚያ ምሽት በኋላ አንድ ዓመት እንኳን አልኖረም፣ ግንቦት 1980 ነው የሞተው። ሰውየውን ያለ ኤኮ፣ ከቅርብ መስማት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ዝምታ_79

አመሰግናለሁ፣ ሁላችሁንም። ጆሮ_ለጆሮ ያለውን ትናንት ማታ ሞከርኩት። ጓደኛዬ ፋይሎቹን ቀያየረልኝ፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ሰማሁ። ከስድስት ጊዜ አምስቱን አሮጌውን ለየሁት፤ የለየሁትም ከድራሙ ምት በኋላ ባለው ባዶ ነው። ስለዚህ ልማድ ብቻ አይደለም። ቤዙ ላይ ግን ተረታሁ፣ በ2007ቱ ሰምቼው የማላውቀውን የሁክን ጣት ሰማሁ፣ አሁን በአሮጌውም ላይ እዚያ እንዳለ ስለማውቅ እፈልገዋለሁ።

አሮጌውን አልሸጥም፣ አዲሱንም አልመልስም። ሁለተኛውን ሲዲ ግን ገና ከፕላስቲኩ አላወጣሁትም ነበር። ዛሬ ማታ እከፍተዋለሁ።