የሄንሪዬታ ዞልድ መቃብር የት ነው?

የነታንያዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ስለ ሄንሪዬታ ዞልድ ጽፈሽ ነይ ተብላለች። እኔ የማውቀው ሀዳሳ ሆስፒታልን ያቋቋመውን የሴቶች ማኅበር እንደመሠረቱ ብቻ ነው። መምህርት ነበሩ የሚባለው እውነት ነው? መቃብራቸውስ የት ነው? ወስጄ ላሳያት ፈልጌ ነው።

የፕኒሚያ ልጅ፦
እህቴ፣ እውነት ነው። እኔ በሙሴ ዘመቻ፣ ቤተ እስራኤሎች ከሱዳን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲገቡ፣ ያለ ወላጅ ከመጡት አንዱ ነኝ። ተቀብሎ ፕኒሚያ (አዳሪ ትምህርት ቤት) ያስገባን ዓሊያት ሃኖዓር የሚባለው፣ ልጆችን ወደ እስራኤል የሚያመጣው ድርጅት ነው። ሐሳቡን ያመነጨችው በርሊን የነበረችው ሬካ ፍራየር ብትሆንም፣ እዚህ አገር ሥራውን ከ1933 (በፈረንጆች አቆጣጠር) ጀምሮ የመሩት ዞልድ ናቸው። ያኔ ዕድሜያቸው ከሰባ አልፏል! በ1934 የመጀመሪያዎቹ ልጆች ከጀርመን ሲገቡ ሃይፋ ወደብ ወርደው ራሳቸው ተቀብለዋቸዋል።

የተወለዱት በ1860 ባልቲሞር ነው። አባታቸው ከሃንጋሪ የሄዱ ረቢ ነበሩ። በ1889 ከሩሲያ ለሚመጡ ስደተኞች የማታ ትምህርት ቤት ከፈቱ። እንግሊዝኛና የአሜሪካን ታሪክ ያስተምሩ ነበር። በ1920 ደግሞ እሳቸውም ተራቸው ደርሶ ዓሊያ አደረጉ፤ ወደዚህ አገር ገቡ። ስደተኛ ሲያስተምር የኖረ ሰው በስተርጅና ራሱ አዲስ መጤ ሆነ ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ልጅሽ እንዳትዘለው። በ1916 እናታቸው ሲሞቱ አንድ ወዳጃቸው «ቃዲሹን እኔ ልበልላቸው» አላቸው። ቃዲሽ ለሙት የሚባል ጸሎት ነው፤ በልማዱ የሚለው ወንድ ልጅ ነው። ቤቱ ስምንት ሴት ልጆች እንጂ ወንድ ልጅ አልነበረውም። እሳቸው በደብዳቤ አመስግነው እንቢ አሉ፤ የእናቴን ቃዲሽ እኔው እላለሁ አሉ። ራሳቸው ደግሞ አላገቡም፣ አልወለዱም። በ1945 ሲቀበሩ ቃዲሹን ያለው ዓሊያት ሃኖዓር ያመጣው ወላጅ አልባ ልጅ ነው። እኔ ከሆስፒታሉ ይልቅ ይሄ ይበልጥብኛል።

ጠያቂው፦
ፕኒሚያው ላይ ትንሽ አትኩራሩ እንጂ። አማርኛውንም ያስረሳን እሱ ነው። ወላጆቻችን ሲመጡ አስተርጓሚ ያስፈለገን ልጆች ነበርን። ደግሞ የኛን የቤተ እስራኤል መምህራንስ ማን ጻፋቸው? ዮና ቦጋለ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያስተምሩ ኖረው በ1979 ነው እዚህ የገቡት።

የፕኒሚያ ልጅ፦
ወንድሜ፣ ልክ ነህ፤ አልከራከርህም። የአቶ ዮናን ታሪክ ራሱን የቻለ ርዕስ ክፈትለት፣ እኔም እጽፋለሁ።

ኢየሩሳሌም ነኝ፦
ወደ መቃብሩ ልመልሳችሁ። ደብረ ዘይት ተራራ ላይ ባለው የአይሁድ መካነ መቃብር ነው። የሞቱት እዚሁ ኢየሩሳሌም፣ ሃር ሃጾፊም በሚባለው ተራራ ላይ ባለው ሀዳሳ ሆስፒታል ውስጥ ስለሆነ ሩቅ አይደለም። ከ1948 እስከ 1967 ቦታው በዮርዳኖስ እጅ ነበር። ብዙ መቃብር ፈረሰ፣ ድንጋዩ ለግንባታ ተወሰደ። የእሳቸው ላይ ደግሞ መንገድ ወጣበት። ከጦርነቱ በኋላ ተፈልጎ ተገኘና አዲስ ድንጋይ ቆመለት።

እህቴ፣ ዝም ብለሽ ሄደሽ አታገኚውም፤ መቃብሩ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ነው። ተራራው ላይ የመረጃ ማዕከል አለ፣ ስማቸውን ንገሪያቸው። ጠዋት ሂዱ። ዓርብ ከሰዓት አይሆንም። ዳገት ስለሆነ ደህና ጫማ አድርጉ፣ ውኃም ያዙ። ዕለቱን ከፈለጋችሁ ሙት ዓመታቸው በአይሁድ አቆጣጠር ሽቫት 30 ነው። እዚህ እስራኤል ድሮ የእናቶች ቀን፣ አሁን የቤተሰብ ቀን የሚባለው ያ ነው።

የነታንያዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የቃዲሹን ታሪክ ሳነብላት «አሁንስ ሴት ትላለች?» ብላ አፋጠጠችኝ። ምን ልበላት?

ኢየሩሳሌም ነኝ፦
እንደ ምኩራቡ ነው። የሚፈቅድ አለ፣ የማይፈቅድም አለ። የናንተን ቄስ (የቤተ እስራኤል የሃይማኖት መሪ) ወይም ረቢ ትጠይቅ፤ መልሱንም ጽሑፏ ውስጥ ታስገባው።