ዳገት ላይ የካምቢዮ ዘይት እየጋለ አስቸገረኝ፤ እባካችሁ አግዙኝ

ጤና ይስጥልኝ። አሮጌ ፎር ዊል ድራይቭ መኪና አለኝ፤ ካምቢዮው አውቶማቲክ ነው። አስፋልት ላይ ምንም አይለውም። አሸዋ ወይም ረጅም ዳገት ላይ በዝግታ ስነዳው ግን የካምቢዮ ዘይት ሙቀት መብራት ይበራል፣ የሞተሩ ሙቀት ግን ንቅንቅ አይልም። መለኪያውን መዝዤ ሳየው መጠኑ ልክ ነው፤ ቀይ የነበረው ዘይት ግን ቡናማ ሆኗል፣ የመቃጠል ሽታም አለው።

ቶርክ ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ኃይል በዘይት አማካኝነት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ክፍል) በዝግታ ጭነት ሲበዛበት ዘይቱን እንደሚያግል አውቃለሁ፤ ፎር ሎው (አራቱም ጎማ በዝግታ ግን በበለጠ ጉልበት የሚነዳበትን ማርሽ) ሳስገባም ይሻለዋል። አሁን ዘይቱ የሚቀዘቅዘው በራዲያተሩ ውስጥ አልፎ ብቻ ነው። ተጨማሪ ማቀዝቀዣ ብገጥም ከራዲያተሩ ቀጥሎ ይሁን ወይስ ራዲያተሩን ጭራሽ ልተወው? ዘይቱንስ አንዴ ሙሉ በሙሉ ልቀይረው ወይስ በከፊል እየደጋገምኩ? ካምቢዮው ሳይበላሽ ልድረስለት፤ የሞከራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።